የላሙ ወደብ ይመለከተናል ካልን የላሙ ከተማም ይመለከተናል

ለተከበረው ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል፣

በኬንያ የባሕር ጠረፍ ስላለው የላሙ ወደብ በቅርቡ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ከ90 በመቶ በላይ የሆነው የወጪና የገቢ ንግዳችን በጅቡቲ በኩል ብቻ መመላለሱ አገራችንን ምን ያህል ለአደጋ እንዳጋለጣት ጸሐፊው ያስረዱበት ክፍል የእኔም እምነት ነው። አብዛኛውን ዕድሜዬን በትራንዚት ሥራ ያሳለፍኩ ሰው እንደመሆኔ፣ ጅቡቲ ላይ ጭነት ሲቆለል፣ ዲመሬጅ (የመዘግየት ክፍያ) ሲቆጥርና ከባድ መኪና ሲጠፋ አስመጪው ምን እንደሚሆን አይቻለሁ፤ አባቶቻችን «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ያሉትም ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ሁለተኛና ሦስተኛ ወደብ ያስፈልገናል በሚለው ላይ ክርክር የለኝም።

የማልስማማው ጽሑፉ ሲጠቃለል በቀረበው ሐሳብ ነው። ጸሐፊው ከሁለት አንዱን መምረጥ ግድ እንደሆነ፣ ይኸውም ወይ ዘመናዊውን የወደብና የኢንዱስትሪ ቀጠና ወይ አሮጌውን የደሴት ከተማ መያዝ እንደሚገባ ጠቁመው፣ ብዙ ሕዝብ የሚጠቀምበት ልማት ለአንድ ትንሽ ከተማ ሲባል መዘግየት የለበትም ብለዋል። ይህ አቀራረብ በላሙ የሆነውን በትክክል አያሳይም። ወደቡ የተሠራው ከተማው ላይ አይደለም፤ ከተማው ካለበት ደሴት በስተሰሜን፣ ኪሊላና በሚባለው ስፍራ፣ በዋናው ምድር ዳር ማንዳ ቤይ የተባለውን የባሕር ወሽመጥ ይዞ ነው። በሁለቱ መካከል ባሕር አለ። ከተማውን የጎዳው የወደቡ መኖር ሳይሆን፣ ወደቡ ሲሠራ አብረው መሠራት የነበረባቸው ሥራዎች ተዘልለው መታለፋቸው ነው፤ ይህ ጉዳይ ደግሞ ከፕሮጀክቱ ሦስት መሥራች አገሮች አንዷ የሆነችውን ኢትዮጵያንም በቀጥታ ይመለከታታል።

ለማያስታውሱ አንባብያን ነገሩን ባጭሩ ላንሣ። የላሙ ወደብ፣ የደቡብ ሱዳንና የኢትዮጵያ ትራንስፖርት ኮሪደር፣ በአጭር ስሙ ላፕሴት፣ የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው በየካቲት ወር 2004 ዓ.ም. ሲሆን፣ በሥነ ሥርዓቱ ላይ የኬንያው ፕሬዚዳንት ምዋይ ኪባኪ፣ የደቡብ ሱዳኑ ሳልቫ ኪርና የእኛው ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ አብረው ተገኝተዋል። ዕቅዱ 32 የመርከብ ማቆሚያዎች ያሉት ወደብ፣ በኬንያ ውስጥ ወዳለችው ኢሲዮሎና ወደ ሞያሌ የሚዘልቅ መንገድና ባቡር፣ የነዳጅ ቧንቧ፣ የአውሮፕላን ማረፊያና የኢንዱስትሪ ቀጠና ያካተተ ነበር። እስካሁን በባሕሩ ዳር የተጠናቀቁት ሦስቱ ማቆሚያዎች ሲሆኑ፣ የመጀመሪያው በግንቦት 2013 ዓ.ም. በፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ ተመርቋል። በእኛም በኩል በሐዋሳና በሀገረ ማርያም አድርጎ ሞያሌ የሚደርሰው መንገድ ተሠርቷል፤ ሞያሌ ላይም ሁለቱ አገሮች በአንድ መስኮት የሚያስተናግዱበት የጋራ የድንበር ጣቢያ ተከፍቷል። ስለዚህ ነገሩ የኬንያ የውስጥ ጉዳይ ብቻ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም።

ከተማውን በተመለከተ ደግሞ ጸሐፊው «አሮጌ» ብለው ማለፋቸው ቅር አሰኝቶኛል። የላሙ አሮጌ ከተማ ከ700 ዓመት በላይ ሳይቋረጥ ሰው የኖረበት፣ በምሥራቅ አፍሪካ ከሚገኙት የስዋሂሊ ከተሞች ሁሉ በተሻለ ሁኔታ ተጠብቆ የቆየ በመሆኑ፣ ዩኔስኮ በ1994 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። እንደ ሐረር ጁገል ሁሉ የላሙ ክብር ሰው እየኖረበት በመገኘቱ ነው። መኪና የማይገባባቸው ጠባብ መተላለፊያዎች፣ ጭነት የሚያመላልሱ አህዮች፣ ጌጠኛ የእንጨት በሮች፣ በየበሩ ደጃፍ ሰዎች ተቀምጠው የሚያወጉባቸው የድንጋይ መደቦች፣ በመውሊድ ሰሞን ከሩቅ አገር ሳይቀር ምዕመናን የሚሰበሰቡበት የሪያድሃ መስጊድ፣ ይህ ሁሉ ዛሬም በሥራ ላይ ያለ ኑሮ ነው።

የመንገዱን ሁኔታ ለማየት ለሥራ በተላክሁበት ጊዜ ላሙ ደርሼ ነበር። የላሙን ቤት ከውስጥ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚደነቀው በክፍሎቹ ቅርጽ ነው፤ ክፍሎቹ ረጃጅም ናቸው፣ ወርዳቸው ግን ሦስት ሜትር እንኳ አይሞላም። ምክንያቱን የጠየቅሁት አናጺ እጁን አንሥቶ ጣሪያውን አሳየኝ። በኮራል ድንጋይ ግድግዳዎቹ ላይ ተጋድመው ጣሪያውን የተሸከሙት የማንግሮቭ ግንዶች ናቸው፤ የማንግሮቭ ግንድ ደግሞ ከዚያ በላይ ርቀት ቢጋደም የጣሪያውን ክብደት አይችልም። እንግዲህ የክፍሉን ወርድ የወሰነው ከባሕሩ ዳር የሚበቅለው ዛፍ ነው። ያ ዛፍ ሥሩ በውኃ ውስጥ ስለሆነ ዓሣ የሚራባበት፣ ሸርጣንና ሽሪምፕ የሚያድግበት ስፍራም ነው። በኬንያ ካለው የማንግሮቭ ደን ከግማሽ የሚበልጠው የሚገኘው በዚሁ በላሙ አውራጃ ነው።

ይህን በዝርዝር ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈረው የላሙ ቅርስ ስፋት 15.6 ሄክታር ብቻ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለውን ወሰን የሚያይ ሰው ወደቡ ከዚያ ወሰን ውጭ ስለሆነ ቅርሱ አልተነካም ሊል ይችላል፤ አንዳንድ ባለሥልጣናትም ሲሉ ተሰምተዋል። ነገር ግን ከተማው የቆመው በእነዚያ 15.6 ሄክታሮች ውስጥ ባለው ነገር ብቻ አይደለም። ጣሪያው ከማንግሮቩ ነው፤ ምግቡና ገንዘቡ በደሴቶቹ መካከል ካለው ጸጥ ያለ ውኃ ነው፤ የሚጠጣው ውኃ ደግሞ ከከተማው ወጣ ብሎ ሼላ ከተባለው መንደር አጠገብ ባሉት የአሸዋ ክምሮች ሥር ከሚጠራቀመው የዝናብ ውኃ ይቀዳል። ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱ ከተበላሸ ድንጋዩ ቢቆምም ከተማው አይኖርም። የባሕሩ ወለል ለትልልቅ መርከቦች ሲቆፈር፣ ደኑ ሲመነጠር፣ ሥራ ፈልጎ የሚመጣው ሕዝብ የውኃ ጉድጓዱን ሲሻማ የሚጎዱት እነዚህ ሦስቱ ናቸው።

ከሁሉ በፊት ጉዳቱ የደረሰው በዓሣ አስጋሪዎቹ ላይ ነው። አብዛኞቹ ሞተር የሌላት ትንሽ ጀልባ ይዘው በደሴቶቹ መካከል ባሉት መተላለፊያዎች የሚያሰግሩ ናቸው። እነሱ ኩሲ የሚሉት የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ በሚነፍስባቸው ወራት የውጭው ባሕር ስለሚናወጥ በእንዲህ ያለች ጀልባ መውጣት ሞትን መፈለግ ነው፤ ያን ጊዜ የሚተማመኑት በመተላለፊያዎቹ ውስጥ ባለው ውኃ ላይ ነበር። ያነጋገርኳቸው አንድ አዛውንት አስጋሪ፣ መርከቦቹ ማለፋቸውን እንደማይጠሉ፣ ነገር ግን ውኃው ተቆፍሮ ደፍርሶ ዓሣው ከሸሸ በኋላ «ወደ ጥልቁ ሂዱ» መባላቸው፣ ጥልቁ ድረስ የሚያደርስ ጀልባ ለሌለው ሰው ትርጉም እንደሌለው በአስተርጓሚ ነገሩኝ። ይህ የአንድ ሰው ስሞታ ብቻ ሆኖ አልቀረም። የላሙ ነዋሪዎች ባቀረቡት ክስ በማሊንዲ የሚገኘው የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በሚያዝያ 2010 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ፣ ሕዝቡ በበቂ ሁኔታ ሳይመከር ሥራው መጀመሩን፣ የነዋሪዎቹ የንጹሕ አካባቢ፣ የባህልና የማስገር መብት መጣሱን አረጋግጦ፣ ለ4,600 ያህል አስጋሪዎች 1.76 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ ካሳ እንዲከፈል አዟል። ፍርድ ቤቱ ወደቡ ይፍረስ አላለም። ያለው፣ ሲሠራ መደረግ የነበረበት ይደረግ ነው። ጸሐፊው ይህን ፍርድ ሳይጠቅሱ ስለ ላሙ ምርጫ መጻፋቸው ለአንባቢው ትልቅ ነገር አስቀርቷል።

ሌላም ያልጠቀሱት ነገር አለ። ከወደቡ ጋር በአንድ የኢንዱስትሪ ቀጠና ስም ሊሠሩ ከታሰቡት አንዱ 1,050 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የድንጋይ ከሰል የኃይል ማመንጫ ነበር። የላሙ ሕዝብ ጭሱና አመዱ የኮራል ድንጋዩን ቤትና ባሕሩን ያበላሻል ብሎ ለዓመታት ተከራከረ፤ በሰኔ 2011 ዓ.ም. የኬንያ ብሔራዊ የአካባቢ ጉዳዮች ጉባኤ ፈቃዱን ሰረዘው። በዚያን ጊዜም ነዋሪዎቹ ልማት ጠል ተብለው ነበር። ነገር ግን የከሰሉ ጣቢያ ከተሰረዘ ከሁለት ዓመት በኋላ የወደቡ የመጀመሪያ ማቆሚያ ያለ ምንም ከሰል ተመርቆ ሥራ ጀመረ። ወይ ሁሉንም ወይ ምንም የሚለው ሐሳብ እውነት ቢሆን ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር። «የኢንዱስትሪ ቀጠና» በሚለው ስም ሥር ብዙ ዓይነት ዕቅድ ይጠቃለላል፤ ከመካከሉ ለወደብ ሥራ የግድ የሚያስፈልገውንና ሰው ስለተመኘው ብቻ የገባውን ለይቶ ማየት የሚቻል መሆኑን ላሙ አሳይቶናል።

ወደብና አሮጌ ከተማ በአንድ ስፍራ ሲገናኙ የሚሆነውን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እዚያው ኬንያ ውስጥ ሞምባሳ አለች። ሞምባሳ ደሴት ናት፤ በምሥራቅ ወገኗ ፖርቱጋሎች ከአራት መቶ ዓመት በፊት የሠሩት የፎርት ጂሰስ ምሽግና አሮጌው ከተማ፣ በምዕራብ ወገኗ ደግሞ የኪሊንዲኒ ወደብ ይገኛሉ። የኡጋንዳው ባቡር ሥራ ከሞምባሳ ከተጀመረ በኋላ ትልልቆቹ መርከቦች ወደ ኪሊንዲኒ ሲዞሩ፣ ነጋዴዎቹም፣ ገንዘቡም፣ ወጣቱም አብረው ዞሩ። አሮጌው ከተማ አልፈረሰም፤ ምሽጉም በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ይሁን እንጂ በሸራ የሚሄዱት ጀልባዎች ይመላለሱበት የነበረው አሮጌ ወደብ የቀድሞ ንግዱን አጥቷል። ለላሙ የምፈራው ይህንኑ ነው፤ ቡልዶዘር ገብቶ ያፈርሰዋል ብዬ ሳይሆን፣ ቤቶቹ ቆመው ሳለ ባለቤቶቹ መተዳደሪያ አጥተው ሸጠው ይወጣሉ ብዬ ነው። በሼላ ብዙ ቤቶች ለመዝናኛ በሚመጡ የውጭ አገር ሰዎች እጅ ከገቡ ቆይተዋል።

ለእኛ አንባብያን ይበልጥ ቅርብ የሆነችው ምጽዋ ናት። ምጽዋም በኮራል ድንጋይ የታነጸች የደሴት ከተማ ነበረች፤ ቱርኮች፣ ግብፆች፣ በኋላም ጣሊያኖች ተፈራርቀውባታል። ግብፆች ደሴቶቹን በድልድይ መንገድ ከምድር አገናኝተው፣ ጣሊያኖችም በኋላ ሐዲዱን እስከ አስመራ ሲዘረጉ፣ መርከብ የሚራገፍበት ስፍራና ሰው የሚኖርበት ሰፈር በዚያችው ጠባብ ደሴት ላይ ተጣበቁ። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ጦርነቱ ምጽዋ ሲደርስ ወደብነቷ ራሱ የውጊያ ዒላማ አደረጋት፤ የውጊያውና የአየር ድብደባው ጉዳት ከወደቡ አልፎ በጥንታውያኑ ቤቶች ላይ ወደቀ፤ ብዙዎቹም ለዓመታት ሳይጠገኑ ቀሩ። በላሙ ዙሪያም ከሶማሊያ ድንበር ቅርበት የተነሣ የአልሸባብ ጥቃት ደርሷል፤ በ2006 ዓ.ም. በምፔኬቶኒ፣ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ በማንዳ ቤይ የጦር አውሮፕላን ማረፊያ ላይ የሆነውን ሁላችንም ሰምተናል። ወደቡ ከከተማው ተለይቶ በዋናው ምድር መሠራቱ በዚህም ረገድ መልካም ነው፤ ይህ መለያየት ወደፊት በሠራተኛ ሰፈርና በመጋዘን እየተሞላ እንዳይጠፋ መጠበቅ ግን ሌላ ሥራ ነው።

ወደ ራሳችን ሒሳብ ስመለስ፣ ጸሐፊው «መዘግየት የለበትም» ያሉትን እንደ ትራንዚት ባለሙያ ልመልከተው። ከአዲስ አበባ እስከ ሞያሌ ያለው መንገድ ብቻ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን፣ ይህም ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ ከተዘረጋው ሐዲድ ርዝመት ጋር የሚቀራረብ ነው። ከሞያሌ እስከ ኢሲዮሎ ደግሞ ሌላ 500 ኪሎ ሜትር ያህል አለ፤ ከዚያም ወደ ባሕሩ ገና ይቀራል። ስለዚህ ላሙ ለአዲስ አበባና ለሞጆ ደረቅ ወደብ ጭነት ጅቡቲን ሊተካ አይችልም፤ ይህን በየመድረኩ ቃል የሚገቡ ሰዎች ኪሎ ሜትሩን ቢቆጥሩት መልካም ነው። ላሙ የሚጠቅመው የደቡቡን ክፍል ነው፤ የሐዋሳን ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ የሲዳማንና የጌዴኦን ቡና፣ የቦረናን ከብት። ጥቅሙ እውነተኛ ነው፤ ለቦረና አርብቶ አደር ከብቱን ወደ ባሕር የሚያደርስ ሌላ በር መከፈቱ ኑሮውን ሊለውጠው ይችላል። ነገር ግን ዛሬ ነገ የማይባልበት፣ ለእሱ ሲባል የሌላ ሕዝብ ካሳ ሳይከፈል የሚታለፍበት ዓይነት አስቸኳይ ጉዳይ አይደለም። ወደቡ ከተመረቀ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ዓመታት እንኳ ያስተናገዳቸው መርከቦች ጥቂት ነበሩ፤ ያጠረው የመርከብ ማቆሚያ አልነበረም፣ መንገድና ጸጥታ እንጂ።

የላሙ ወጣት ሥራ አይፈልግምን የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ይፈልጋል። ከተማው እንዲጠበቅ የሚሟገቱት ሰዎች ራሳቸው ልጆቻቸው በወደቡ ክሬን እንዲያንቀሳቅሱ፣ በጉምሩክ እንዲቀጠሩ ይመኛሉ። ቅሬታቸው መሬቱ ከእጃቸው ሲወጣ ሥራው ወደ እጃቸው አለመግባቱ ነው። የፕሮጀክቱ ወሬ እንደተሰማ በአካባቢው የነበረው የመሬት ሽሚያ እጅግ ከመባባሱ የተነሣ፣ በሐምሌ 2006 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ኬንያታ 500 ሺህ ኤከር የሚሆን መሬት ለኩባንያዎች የተሰጠበት ይዞታ እንዲሰረዝ ማዘዛቸው ይታወሳል። በአባት በአያቱ መሬት ላይ ሲኖር የባለቤትነት ደብተር ያልነበረው ገበሬ፣ መሬቱ ዋጋ ባወጣ ማግሥት በሌላ ሰው ስም ተመዝግቦ ማግኘቱን ልማት ብሎ እንዲቀበል መጠየቅ አይቻልም። እኛም አገር በልማት ስም የተነሡ ሰዎች ይህን ስሜት ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልጋቸውም።

እንግዲህ ኢትዮጵያ ምን ታድርግ ለሚለው የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። መንግሥታችን በላሙ ለመጠቀም በሚያደርገው ድርድር የታሪፍ ቅናሽና የጭነት ማከማቻ ቦታ እንደሚጠይቅ ሁሉ፣ የአስጋሪዎቹ ካሳ በፍርዱ መንፈስ ተከፍሎ ማለቁን፣ የሠራተኞች መኖሪያ የራሱ የውኃ ምንጭ ተዘጋጅቶለት በዋናው ምድር መሠራቱንና የሼላ የአሸዋ ክምር እንዳይነካ መከለሉን አብሮ ሊጠይቅ ይገባዋል። የዓለም ቅርስ ኮሚቴም ወደቡ በቅርሱ ላይ የሚያስከትለው ጫና እንዲጠና በተደጋጋሚ ጠይቋል፤ በመሠረት ድንጋዩ ላይ ስሟ ያለ አገር ይህን ጥያቄ ብትደግፍ በጎረቤቷ ጉዳይ ጣልቃ ገባች የሚላት አይኖርም። ተቃውሞና ክስ የተከመረበት ወደብ ለደንበኛውም አይበጅም፤ ሥራው በፍርድ ቤት እግድ በቆመ ቁጥር ኮንቴይነሩ የሚቆመው የእኛ ነው። ይህን የምለው ግን ጥቅሙን ብቻ አስልቼ አይደለም። የሌላው ሰው ውኃና ዓሣ እየጠፋ የሚመጣ ስኳርና ማዳበሪያ ርካሽ ነው ብዬ ለመቀበል ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም።

ለዝግጅት ክፍላችሁም አንድ ጥያቄ አለኝ። በላሙ ጉዳይ የሚጻፈው ሁሉ ከአዲስ አበባና ከናይሮቢ ሆኖ የሚጻፍ ነው። አቅማችሁ ከፈቀደ ጋዜጠኛ ልካችሁ ኪሊላና ያሉትን የወደብ ሠራተኞችም፣ በደሴቱ ያሉትን አስጋሪዎችና አናጺዎችም አነጋግሩልን፤ ይህ ካልተቻለ ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በላሙ ድርድር ላይ የነዋሪዎቹን ጉዳይ አንሥቶ እንደሆነ ጠይቃችሁ መልሱን አትሙልን።

ከአክብሮት ጋር፣
በትራንዚት ሥራ ላይ የቆየ አንባቢያችሁ
ከአዲስ አበባ